ቬሮኒካ ላይ የፈረድንበት ቅዳሜ

በትምህርት ቤታችን የ12ኛ ክፍል ተማሪ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤቱ አይሄድም። ለፈተና ዝግጅት እየተባለ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ይቆያል። ጅቡቲ ውስጥ በግንቦት ወር ከምሳ በኋላ ሂሳብ መሥራት ምን እንደሚመስል የቀመሰው ያውቀዋል፤ ላልቀመሰው ማስረዳት ያስቸግራል። ይህ ጽሑፍ የሚያወራው ነገር የጀመረው ከእነዚያ ቅዳሜዎች በአንዱ ነው። ማራገቢያው እየዞረ፣ እኛም ላባችንን በደብተር ሽፋን እያራገብን ሳለ የፈረንሳይኛ መምህራችን አንድ ዲስክ ይዘው ገቡ።

«ዛሬ ሰዋስው የለም፤ ፊልም እናያለን» አሉ።

ጭብጨባው ጣራውን ሊያነሳው ደረሰ። ሽፋኑን ገልብጠው ሲያሳዩን ግን ቀዘቀዘ። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው። የሩሲያ ነው። የተሠራው በ1957 ነው። (የፊልሙን ዓመታት ሁሉ የምንጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ የራሳችንን ጉዳይ ስናወራ ግን በኢትዮጵያ እንመለሳለን።) ከኋላ ወንበር አንዱ ልጅ፣ «ቲቸር፣ ሰዋስው ይሻላል» አለ። ሁላችንም ሳቅን፤ እሳቸውም ሳቁ፤ መብራቱን ግን አጠፉት።

ፊልሙ በሩሲያኛ ስሙ «ሌትያት ዙራቭሊ» ይባላል። ዳይሬክተሩ ሚካኢል ካላቶዞቭ ነው፤ ካሜራውን የያዘው ሰርጌይ ኡሩሴቭስኪ በጦርነቱ ጊዜ ግንባር ላይ ይቀርጽ የነበረ ሰው ነው። ታሪኩ ቪክቶር ሮዞቭ ከጻፈው ቴአትር የተወሰደ ነው። ሮዞቭም ቢሆን የሚያወራውን ያውቃል፤ በ1941 በፈቃደኝነት ዘምቶ ክፉኛ ቆስሏል። ሶቪየት ኅብረት በዚያ ጦርነት 27 ሚሊዮን ያህል ሰው አጥታለች። ፊልሙ በ1958 በፈረንሳይ አገር በካን ፌስቲቫል ትልቁን ሽልማት፣ የወርቅ ዘንባባውን ወሰደ። በፈረንሳይ ሲኒማ ቤቶች ብቻ ከ5 ሚሊዮን በላይ ሰው አይቶታል። ያን ጊዜ ይህን ፊልም ለማየት ሲኒማ ቤት መሄድ ግድ ነበር። ካመለጠ አመለጠ፤ ወደ ኋላ መመለስ፣ ማቆም፣ ደግሞ ማየት የሚባል ነገር የለም። በአሜሪካ ክራይቴሪየን የተባለው ድርጅት በዲቪዲ ያወጣው በ2002 ነው፤ ታድሶና ጠርቶ በብሉሬይ የወጣው ደግሞ በ2020 ነው። እኛ ዘንድ የደረሰው መምህራችን ከሻንጣቸው ያወጡት፣ ጠርዙ የተጫረ፣ ከሥር የፈረንሳይኛ ጽሑፍ ያለው ዲስክ ነው።

ስለ ስሙ ትንሽ እንበል፤ በኋላ ያስፈልገናልና። ሩሲያኛው «ሽመላዎቹ እየበረሩ ነው» እንደ ማለት ነው። በአማርኛ እኛ ቤት ረጅም እግርና ረጅም አንገት ያላትን ወፍ ሁሉ ሽመላ ነው የምንላት። ፈረንሳዮች ግን ሁለት የተለያዩ ወፎች አሏቸው፤ አንዷ «ግሩ»፣ ሌላዋ «ሲጎኝ»። በፊልሙ ውስጥ የሚበርሩት ግሩዎች ናቸው። ሽፋኑ ላይ የተጻፈው ግን «ሲጎኞች ሲያልፉ» የሚል ነው። ለምን ተቀየረ? ጅቡቲ ላደግን ልጆች ግሩ ማለት መጀመሪያ ወደብ ላይ ኮንቴይነር የሚያነሳው ማሽን ነው፤ ወፏን ኋላ ነው የተማርነው። ሦስተኛ ትርጉም እንዳለው ግን ያን ቀን ነው የሰማነው። በፈረንሳይ መንገድ ላይ ግሩ የሴት ስድብ ነው። መምህራችን እንዳስረዱን፣ ፈረንሳዮቹ የፊልሙን ስም ሲተረጉሙ ያ ስድብ በልጅቱ ላይ እንዳይወድቅ ወፏን ቀየሯት። እኛ በዚህ በጣም ሳቅን። ከሁለት ሰዓት በኋላ ያንኑ ስድብ በአማርኛ እንደምንለጥፍባት አላወቅንም።

ልጅቱ ቬሮኒካ ትባላለች። ተዋናይቷ ታትያና ሳሞይሎቫ ናት። ቬሮኒካና ቦሪስ ይዋደዳሉ፤ ገና ጎህ ሲቀድ በሞስኮ ወንዝ ዳር እየተሯሯጡ ሽመላዎቹን ያያሉ። ከዚያ ጦርነት ይመጣል። ቦሪስ ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራ ልጅ ነው፤ ሊቀር ይችል ነበር፤ በፈቃዱ ተመዘገበ። የሚሄደው በልደቷ ዋዜማ ነው። ሊሰናበታት ቤት ሲጠብቃት ዘገየች። ለልደቷ የገዛላትን የሽኮኮ አሻንጉሊት ለአያቱ ሰጥቶ ሄደ። አሻንጉሊቷ ቅርጫት ይዛለች፤ ከቅርጫቱ ፍሬ ሥር የተጻፈ ወረቀት አለ። አያትየው ስጦታውን ሰጠቻት እንጂ ስለ ወረቀቱ አልነገረቻትም፤ አላወቀችማ። ቬሮኒካ ወደ መሰብሰቢያው ብትሮጥም ሕዝቡ ውስጥ አላገኘችውም። ይዛለት የሄደችውን ብስኩት በሰልፈኛው መካከል ወረወረችለት፤ የወታደር ጫማ ረገጠው።

እስከዚህ ድረስ አዳራሹ ጸጥ ብሎ ነበር። ሰዋስው ይሻላል ያለው ልጅ እንኳ አገጩን በእጁ ደግፎ ነበር የሚያየው። ከአየር ድብደባው በኋላ ቬሮኒካ እየተቃጠለ ባለው ሕንፃ ደረጃ ላይ ሮጣ ወጥታ የቤታቸውን በር ስትከፍት፣ ከበሩ ወዲያ ምንም የለም። ወላጆቿም ቤቱም የሉም። ሰዓቱ ግን ይመታል። ያን ጊዜ ማራገቢያው ራሱ ያቆመ መሰለን።

የቦሪስ ቤተሰብ ወሰዷት። እዚያ ቤት የቦሪስ የአጎት ልጅ ማርክ አለ፤ ፒያኖ ተጫዋች ነው፤ ከዘመቻ የቀረው በተንኮል መሆኑ ኋላ ይታወቃል። አንድ ሌሊት ድብደባ ሲጀምር ቬሮኒካ ወደ መጠለያው አልሄድም አለች። ቤቱ ውስጥ ሁለቱ ብቻ ናቸው። ማርክ ፒያኖ መምታት ጀመረ፤ መስኮቱ ፈረሰ። በዚህ ጊዜ መምህራችን ሪሞቱን አነሡና፣ «ይህቺ ለእናንተ አትሆንም» ብለው ፊልሙን አስሮጡት። ጥቂት ልጆች «ኧረ ቲቸር!» አሉ። ሥዕሉ ተርገበገበ፤ ሲቆም ቦሪስ ግንባር ላይ፣ ረግረግ ውስጥ፣ የቆሰለ ጓደኛውን ተሸክሞ ሲሄድ አየን። ተመታ። የበርች ዛፎቹ ከላይ ሲዞሩ እሱ ያልሠረገውን ሠርግ እያየ ወደቀ። ወዲያው ቀጥሎ ሞስኮ ነን፤ ማርክና ቬሮኒካ ቤተሰቡ ፊት ቆመው ሊጋቡ መሆኑ ይነገራል።

አዳራሹ ተናጋ። «እንዴ!» «ሬሳው ሳይቀዘቅዝ!» «እዚያው ቤት ውስጥ!» እዚህ የማንጽፈውም ተብሏል። ከዚያ በኋላ የቀረውን ፊልም ያየነው ተቆጥተን ነው። ቤተሰቡ ወደ ሳይቤሪያ ሸሽቶ፣ የቦሪስ አባት በሚሠሩበት ሆስፒታል ውስጥ አንድ ቁስለኛ፣ እጮኛው ሌላ እንዳገባች ሰምቶ ሊሞት ሲጣጣር፣ ሐኪሙ አባት ቆመው እንዲህ ያለች ሴት ይቅርታ አይገባትም እያሉ ሲናገሩ እኛ አጨበጨብን። እውነት ለመናገር ፉጨትም ነበረ።

ሐበሻ ሁለት ሆኖ ከተቀመጠ ችሎት ያቆማል ይባላል፤ እኛ አሥራ ዘጠኝ ነን። ፊልሙ እንዳለቀ ችሎት ተሰየመ። ዳኛ መረጥን፤ ጠበቃ አቆምን፤ ዐቃቤ ሕግ ሆና የቆመችው ከመካከላችን በአማርኛ ንግግር የሚስተካከላት የሌለው ልጅ ናት። ክሱ አጭር ነበር፤ አልጠበቀችም። «ሕይወቱን የሰጠ ሰው አንድ ዓመት መጠበቅ ይበዛበታል?» አለች፤ አዳራሹን በጭብጨባ ሞላችው። ጠበቃው ምስኪን ልጅ ነው፤ «ቤቷ ተቃጥሎባት ነው» ከማለት በቀር የሚለው አልነበረውም። አሥራ አምስት ለአራት ተፈረደባት። ዐቃቤ ሕጓ ክርክሩን ለዓመቱ መጽሔት ጽፋ እንድታቀርብ ተወሰነ። ለዚህ ሲባል ዲስኩ ለአንድ ሳምንት ለእኛ ተሰጠ።

አሁን ዲስኩ አለን፤ ማጫወቻ ግን የለንም። ይህን ለሚያነቡ ወላጆች ያስቃቸው ይሆናል። እናንተ የቪዲዮ ካሴት እየተከራያችሁ፣ ኋላም ቪሲዲ እየገዛችሁ ያደጋችሁ ናችሁ። የእኛ ላፕቶፖች ግን ዲስክ የሚገባበት አፍ እንኳ የላቸውም። ስድስት ቤት ጠየቅን። አንዱ ቤት ማጫወቻው የአበባ ማስቀመጫ ሆኗል፤ ሌላው ቤት ዲስኩን ውጦ አልመልስም ብሎ በቢላዋ አወጣነው (ጠርዙ ላይ ካለው ጭረት አንዱ የእኛ ነው፤ ይቅርታ ቲቸር)። በመጨረሻ የሚሠራ ማጫወቻ የተገኘው እዚያው ዐቃቤ ሕጓ ቤት ነው። እናቷ መዝሙርና የድሮ ድራማ የሚያዩበት ነው፤ ዳንቴል ለብሶ ቴሌቪዥኑ ሥር ተቀምጧል።

ዓርብ ከሰዓት አምስት ሆነን ሄድን። ዓርብ እዚህ አገር የዕረፍት ቀን ነው፤ አባትየው ግን የከባድ መኪና ሹፌር ናቸውና መንገድ ላይ ነበሩ። እናትየው ቡና እያፈሉ ነበር። «ምንድን ነው የምታዩት?» አሉን። የጦርነት ፊልም ነው፣ የሩሲያ ነው፣ ለትምህርት ነው አልናቸው። «እኔም ልይ እንጂ» ብለው ሰፌዱን ይዘው በርጩማቸውን አስጠጉ። ሩሲያኛ አያውቁም፤ የፈረንሳይኛውን ጽሑፍም አያነቡም። ልጃቸው ልትተረጉምላቸው ስትጀምር፣ «ተይው፣ ይገባኛል» አሉ።

ከዚህ በኋላ ያለውን የምንጽፈው እናትየውንም ልጅቱንም አስፈቅደን ነው። ጽሑፉ ከመታተሙ በፊት ሰምተውታል። ስም እንዳይጠራ ብቻ ነው የጠየቁን።

ቡናውን ረሱት። ቬሮኒካ በሰልፈኛው ዙሪያ እየተጋፋች ቦሪስን ስትፈልግ እጃቸው ሰፌዱ ላይ ቀረ። ብስኩቱ ሲረገጥ፣ «መልሽው እስቲ» አሉ። ልጅቱ ወደ ኋላ መለሰችው። ደግሞ አዩት። «ልጁም እኮ እየፈለጋት ነው» አሉ። እውነት ነው፤ ቦሪስ አንገቱን ወዲያና ወዲህ ያዞራል። ቅዳሜ ዕለት እኛ ያየነው እሷ መዘግየቷን ብቻ ነበር።

ከዚያ ያቺ ሌሊት መጣች፤ ፒያኖው፣ ድብደባው፣ የፈረሰው መስኮት። ሪሞቱ በእኛ እጅ ነው። ለማስሮጥ ያሰበም ነበር፤ እናት አጠገባችን ናቸው፣ አፍረናል። ግን ማንም ቁልፉን አልተጫነም። ማርክ ቀረባት። ቬሮኒካ እምቢ አለችው። በጥፊ መታችው። ደግማ መታችው፤ ደግማ፤ ስንት ጊዜ እንደሆነ አልቆጠርንም። አንዲት ቃል ብቻ ነው የምትለው፤ «ኒየት»። ከሥር ያለው የፈረንሳይኛ ጽሑፍ ባይኖርም ይህቺን ቃል የማያውቅ የለም። እሱ በተሰበረው መስተዋት ላይ እየተራመደ ተሸክሟት ሄደ። ከዚያ ረግረጉ፤ ከዚያ ጋብቻው።

ሁለት ደቂቃ አይሞላም። አሥራ አምስት ለአራት የፈረድንባት ይህን ሳናይ ነው።

እርስ በርሳችን አልተያየንም። የገረመን እናትየው አለመገረማቸው ነው። «እና እናንተ ይህን አይታችሁ ነው የምትከራከሩት?» ብለው ጠየቁ። አላየንም ነበር ለማለት አፋችን አልታዘዘም። ልጃቸው፣ «እኔ ዐቃቤ ሕግ ነበርኩ» አለች።

«ምን ብለሽ ከሰስሻት?»

«አልጠበቀችም ብዬ።»

እናትየው ተነሥተው ጀበናውን ከከሰሉ ላይ አወረዱ። ሲመለሱ ፊልሙን አቁሙት አሉን። ቆመ፤ የቬሮኒካ ፊት ስክሪኑ ላይ እንዳለ ቀረ። እሳቸው ያወሩልን ያ ፊት እያየን ነው።

ያገራቸው ልጅ ነበረ፤ የታጩለት። ፎገራ አጠገብ ነው ያደጉት። ግንቦት 1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲጀመር በዚያው ክረምት ዘመተ። ሁለት ደብዳቤ መጣ፤ ሦስተኛው አልመጣም። በ1992 ጦርነቱ ቆመ፤ ታኅሣሥ 1993 አልጄርስ ላይ ሰላም ተፈረመ ተባለ። የተመለሱት ተመለሱ። እሳቸው መንገድ ዳር ቆመው አውቶቡስ ይጠብቁ ነበር። አብረውት የዘመቱትን ቢጠይቁ አንዱ ቆስሏል አለ፤ አንዱ ሌላ ጦር ተዛውሯል አለ፤ አንዱ ፊቱን አዞረ። መርዶ የሚባል ነገር አልመጣም። እኛ አገር ደግሞ መርዶ ሥርዓት አለው። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ጎህ ሳይቀድ በር አንኳኩቶ ነው የሚነገረው፤ ከዚያ ይለቀሳል፤ ከዚያ ይወጣል። ካልተረዱ ምን ተብሎ ይለቀሳል? እናትየው አራት ዓመት እንዲሁ፣ ሐዘንተኛም እጮኛም ሳይሆኑ ተቀመጡ።

በ1996 የጓደኛችንን አባት አገቡ። በሠርጋቸው ሳምንት የልጁ እናት ገበያ ላይ አገኟቸውና፣ ሰው እየሰማ፣ «ልጄን አንቺ ገደልሽው» አሏቸው።

«ምን መለሱላቸው?» አልናቸው።

«ምን እመልሳለሁ? እሳቸውም አልተረዱም እኮ። ሌላ የሚቆጡት ሰው አልነበራቸውም።»

ጓደኛችን ይህን ከዚያን ቀን በፊት ሰምታ አታውቅም። «አባዬ ያውቃል?» ብቻ ነው ያለችው። «አባትሽ ነው ለሰውየው ቤተሰብ እህል የሚልክላቸው» አሉ እናትየው፤ ከዚያ፣ «በሉ ክፈቱት፣ ቡናው ቀዘቀዘ» አሉን።

የቀረውን ስናይ ሌላ ፊልም ነበር። ሐኪሙ አባት ስለ ከዳተኛ ሴቶች የሚናገሩበት ቦታ ላይ ቅዳሜ ያላየናትን አየናት፤ ቬሮኒካ እዚያው ክፍል ውስጥ በሩ አጠገብ ቆማ ሁሉንም ትሰማለች። ፉጨታችን ትዝ አለን። ከዚያ ሮጣ ስትወጣ፣ ራሷን ልታጠፋ ባቡሩ ወዳለበት ስትደርስ፣ መኪና ሊደፈጥጠው የነበረ አንድ ሕፃን አትርፋ ስሙን ስትጠይቀው ስሙ ቦሪስ ሆኖ ተገኘ። ከአምስታችን አንዱ፣ «ይህቺስ የፊልም ነገር ናት» አለ። እውነቱን ነው፤ ትንሽ ያበዙታል፤ ሜሎድራማ ነው። እናትየው ግን፣ «ዝም በል፣ ልጁን አየው» አሉት።

ወረቀቱም ተገኘ። ማርክ አሻንጉሊቷን ሰርቆ ለሌላ ሴት የልደት ስጦታ አድርጓት፣ ግብዣ ላይ ነው ከቅርጫቱ የወጣው። ቬሮኒካ ደርሳ ነጠቀቻቸው። ድምፁን የምንሰማው የቦሪስን ነው። እናትየው ቃሉን ባያውቁትም፣ «ስንት ጊዜ ቆየ?» አሉ። ከአንድ ልደት እስከ ሌላው ክረምት አልፏል አልናቸው። «አጠገቧ ነበር እንዴ ይህን ሁሉ ጊዜ?» አሉ፤ ራሳቸውን እየነቀነቁ።

ኋላ ደግሞ ከቦሪስ ጋር የነበረው ወታደር ቤት ድረስ መጥቶ መሞቱን ሲናገር ቬሮኒካ አላመነችም። ቅዳሜ ይህ ግትርነት መስሎን ነበር። ያመነችው ጦርነቱ አልቆ ወታደሮቹ በባቡር ሲመለሱ፣ ነጭ ለብሳ አበባ ይዛ ጣቢያ ቆማ፣ አብሮት የዘመተው ጓደኛው ስቴፓን ሲነግራት ነው። ሁሉም ሰው ሰውን ያቅፋል፤ እሷ አበባውን ለማታውቃቸው ሰዎች አንድ አንድ ታድላለች። መርዶ ማለት ይኸው ነው፤ ባቡር ጣቢያ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ እየሳቀ።

ሰኞ ዕለት አምስታችን መምህራችንን ለብቻቸው አገኘናቸውና ያሳለፏትን ቦታ እንዳየን ነገርናቸው። ይቆጣሉ ብለን ነበር። ዝም ብለው ቆዩና፣ «እኔ እናንተን መጠበቄ ነበር» አሉ። ቀጥለውም፣ «ችሎቱን ስትሰይሙ ማቆም ነበረብኝ፤ ንግግራችሁ ደስ ብሎኝ ዝም አልኩ» አሉ። ርዕሰ መምህሩን አስፈቅደው በሚቀጥለው ቅዳሜ ያቺን ሁለት ደቂቃ ለሁሉም አሳዩ። በዚያው ቀን አንድ ነገር ጨመሩልን። የዚያን ጊዜው የሶቪየት መሪ ክሩሽቼቭ ራሳቸው ፊልሙን አይተው በቬሮኒካ ክፉኛ መቆጣታቸው ይነገራል፤ ያሉት ስድብ ደግሞ ፈረንሳዮች የሸሹት ዓይነት ነው።

ክርክሩ ግን አላለቀም፤ አለቀ ብለን ብንጽፍ ውሸት ይሆናል። «የደረሰባት ደረሰባት፤ ታዲያ ለምን ታገባዋለች?» ያለ ነበር፤ እሱ ብቻውንም አልነበረም። አንዲት ልጅ ተነሥታ፣ «የት ትሂድ? ወላጅ የላት፣ ቤት የላት፣ የምትበላው እነሱ ቤት ነው፤ ለማን ትንገር?» አለችው። እሱም፣ «ለአባትየው» አለ። «አባትየውማ ሆስፒታል ያሉትን ሰምተሃል» አለችው። ማርክ መጨረሻ ላይ ተጋልጦ ሲባረር ለምን ማንም ስለዚያች ሌሊት አልጠየቀውም፣ የተባረረው እኮ ከዘመቻ በማጭበርበር በመቅረቱ ነው ያለም ነበር፤ ይህኛው ጥያቄ መልስ አላገኘም። እኛም ስንጽፈው አላገኘንለትም። እንደገና ድምፅ እንስጥ ሲባል ዐቃቤ ሕጓ አልቆምም አለች። «እኔ ከዚህ ጉዳይ ወጥቻለሁ» ብላ ወደ ሂሳቧ ተመለሰች። ለዚህ ነው መጽሔቱ ላይ የሷ ክርክር ሳይሆን ይህ የወጣው።

አንድ ነገር ቀርቶናል። ያን ዓርብ ፊልሙ ሲያልቅ ሽመላዎቹ እንደገና በሞስኮ ሰማይ ላይ ይታያሉ፤ ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ያያቸዋል። እናትየው፣ «እነዚህን ወፎች አውቃቸዋለሁ» አሉ። መሰላቸው ብለን ነበር። «ከጥቅምት በኋላ እኛ አገር ይመጣሉ፤ ሽምብራውን ይጨርሱት ነበር። ልጆች ሆነን በወንጭፍ እንጠብቃቸው ነበር። በየካቲት ይሄዳሉ።» በኋላ ለባዮሎጂ መምህራችን ነገርናቸው። አልተሳሳቱም። ግራጫዋ ሽመላ በሩሲያና በሰሜን አውሮፓ ትፈለፈላለች፤ ብርዱ ሲመጣ ግን ከፊሎቹ ጣና ዙሪያና ቢሾፍቱ አጠገብ ጨለለቃ ድረስ ይወርዳሉ። በሺህ የሚቆጠሩ ናቸው።

«ወዴት እንደሚሄዱ ግን አናውቅም ነበር» አሉ እናትየው። ሪሞቱን ከልጃቸው ተቀብለው፣ የትኛውን እንደሚጫኑ ጠይቀው፣ ወፎቹ ላይ አቆሙት። ቡናው እንደገና እስኪፈላ ድረስ ስክሪኑ እንደዚያው ቆየ።

ዲስኩን መምህራችን ሁለት ጊዜ ጠይቀውናል። በሚቀጥለው ሳምንት እናመጣለን እያልን ነው። እስካሁን እሳቸው ዘንድ፣ ዳንቴሉ ሥር ነው።